የአልጫ እድፍና የሚስጥር ደብዳቤ

አልጫ የፈሰሰበትን ነጭ ነጠላ በሳሙና ስታጥቡ እድፉ ሲቀላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቢጫ የነበረው ነገር ሳሙና ሲነካው ድንገት ደም ይመስላል። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደሴ ከተማ፣ እኛ ቤት ከርማ ነበር፤ ይህንን አየችና "አክስቴ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መልሱን ወዲያው ልነግራት ስል ተውኩት፤ ለምን በእጇ ሠርታ አታየውም ብዬ።

እኔ አሲድንና (እንደ ሎሚ ያለ ጎምዛዛውን) ተቃራኒውን ቤዝን (እንደ ሳሙና ያለውን) የተማርኩት ከሰሌዳ ላይ እየገለበጥኩ ነው። ትርጉማቸውን ሸምድጄ ፈተና አለፍኩ፤ አንድም ቀን ግን በእጄ ሞክሬ አላውቅም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሷ እንደዚያ እንድትማር አልፈለግኩም።

በሎሚ ጀመርን። ግማሽ ሎሚ ሲኒ ውስጥ ጨምቀን ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨመርንበት፣ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለን ነጭ ወረቀት ላይ ጻፍን። ሲደርቅ ምንም አይታይም። ከዚያ ወረቀቱን በጨርቅ ሸፍኜ በካውያ ተኮስኩት፣ ፊደሎቹም ቡናማ ሆነው ብቅ አሉ። ልጅቷ ጮኸች!

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጭማቂው ሲደርቅ ውሃው ይተንና ሲትሪክ አሲድና ስኳር ወረቀቱ ላይ ይቀራሉ። ቀለም ስለሌላቸው አይታዩም። ሙቀት ሲያገኛቸው ግን ከወረቀቱ ቀድመው ይፈራርሳሉ፣ ካርቦን የበዛበት ቡናማ ነገርም ይተዋሉ። በዚያ ላይ አሲዱ የወረቀቱን ክሮች ስለሚያዳክም የተጻፈበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ያራል። ወተትም ይሠራል። የወተቱ ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ተዋህደው ይጠይማሉ፤ የዳቦ ቅርፊትም ቡናም ሲቆላ መልኩ የሚለወጠው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ወረቀቱን ከሰል ላይ ያዝኩት፣ ጫፉም በእሳት ተያያዘ። ወረቀት 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይነዳል፣ የከሰል ፍም ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ካውያ ብቻ፣ እሱም በአዋቂ እጅ።

የሎሚው ነገር ለልጆች ብቻ የሆነ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ካርል ሙለር የሚባል የጀርመን ሰላይ በ1915 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተይዞ በጥይት ተገድሏል፤ ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዱ ለመጻፊያ የተጠቀመበት ሎሚ ነበር። ከ1900 ዓመት በላይ ወደኋላ ስንሄድ ደግሞ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የቁልቋል ዘመድ በሆነ ተክል ወተት ገላ ላይ ተጽፎ፣ ሲደርቅ አመድ ሲነሰነስበት ፊደሉ እንደሚወጣ ጽፏል። ይሄንን ግን እባካችሁ እንዳትሞክሩት። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባማ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። እኛ ዘንድ በየአጥሩ ያለ ነገር ስለሆነ ለልጆቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አሁን ወደ ነጠላው ልመለስ፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው።

ሁለት ማንኪያ የእንጨት አመድ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጬ አሳደርኩት። ጠዋት ከላይ የጠለለውን ብቻ በቀስታ ቀዳሁ። አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ውሃ ውስጥ ይሟሟና ውሃውን እንደ ሳሙና ቤዝ ያደርገዋል። ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንት አደረግንና ልጅቷ በጥጡ ጻፈችበት። በሌላ ሲኒ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ፋርማሲ በሚሸጠው 70 ፐርሰንት አልኮል በጠበጥን። በውሃ አይሆንም ወይ ካላችሁ፣ እርዱን ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ አልኮል ውስጥ ግን ደህና አድርጎ ይሟሟል። አልኮል ስለሚቀጣጠል ቡና የሚፈላበት ቦታ አጠገብ እንዳትሠሩት።

ከዚያ የደረቀውን ወረቀት በእርዱ ቀባችው። ወረቀቱ ቢጫ ሆነ፣ ፊደሎቹ ግን ቀይ። "ነገ ሐይቅ ውሰጂኝ" ይላል።

ዝም ብላ አየችው። ቆየት ብላ "እንደ ነጠላው ነው!" አለች። እኔ አንድም ቃል አልነገርኳትም፤ ራሷ ናት የደረሰችበት። ኩርኩሚን ቤዝ ሲያገኝ ቅርጹ ስለሚለወጥ ይቀላል፣ አሲድ ሲያገኝ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። እናቶቻችን የእርድ እድፍን ፀሐይ ላይ አስጡት የሚሉትም ልክ ናቸው፤ ብርሃን ኩርኩሚንን ይሰባብረዋል። ደብዳቤውን ማቆየት ከፈለጋችሁ መጽሐፍ ውስጥ ክተቱት።

ሎሚ አመጣችና ፊደሎቹ ላይ ቀባች። ቀዩ ጠፋ። "ብመልሰውስ?" አለችኝ። "እስኪ ሞክሪው" አልኳት። ጥጧን የአመድ ውሃው ውስጥ ነክራ አንድ በአንድ ደገመቻቸው፣ ፊደሎቹም ቀልተው ተመለሱ፤ ትንሽ ተጨማለቁ እንጂ ይነበባሉ። በማግስቱ ሐይቅ ሄድን፣ ወረቀቱንም ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ይዛው ነበር።