ከበጀቱ መጀመር፦ ለሕፃናት የምግብ እጥረት ሥራ ድጋፍ የምጠይቅበት መንገድ

በወረዳ ደረጃ ለሚሠራ ሥራ የድጋፍ ገንዘብ ስጠይቅ ትረካውን የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሜ ኤክሴል እከፍትና አንድ ነገር አሰላለሁ፤ አንድ የተጎዳ ልጅ ተለይቶ፣ ታክሞና አገግሞ እስኪወጣ ምን ምን ያስፈልጋል? ከዚያ በልጆቹ ቁጥር አባዛለሁ። ብዙ አገር በቀል ድርጅቶች ግን ለጋሹ ያስቀመጠውን ጣሪያ ይይዙና ወደ ታች ይከፋፍሉታል። እንዲህ የተሠራ በጀት ሥራው የተጀመረ ዕለት ጉዱ ይወጣል።

የልጆቹን ቁጥር የምወስደው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉትን የሚያሰሉበት ማባዣ አላቸው። ሌላ ቁጥር ካመጣሁ የሩብ ዓመት ሪፖርቴ ከጤና ኬላው ሪፖርት ጋር አይገጥምም፤ ለጋሹም የማንን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።

አሁን ዋናው ስሌት። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ለተጎዳ አንድ ልጅ ሕክምና አንድ ካርቶን ፕላምፒናት (ከለውዝ የሚሠራ የተዘጋጀ የሕክምና ምግብ) ይታሰባል፤ 150 ፓኬት፣ እያንዳንዱ 92 ግራም። 200 ልጆች ካሉ 30,000 ፓኬት ነው፤ የካርቶኑን ክብደት ሳንጨምር 2,760 ኪሎ። ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ በዩኒሴፍ በኩል ወደ ጤና ቢሮ ስለሚገባ በእኔ በጀት ውስጥ አላስገባውም፤ ካስገባሁት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተጠየቀ ይባላል። ብዙ ጊዜ ባለቤት የሚያጣው ግን ከወረዳው መጋዘን እስከ ጤና ኬላው ያለው መንገድ ነው። አይሱዙ ጥርጊያው እስካለበት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ አህያ ነው። አንድ አህያ አራት ካርቶን ብትጭን ለ20 ካርቶን አምስት አህያ፣ ነጂ፣ ምናልባትም አዳር ያስፈልጋል። ክረምት ከገባ ደግሞ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ጭነት በግንቦት ማድረስ እንዳለብኝ በሥራ ዕቅዱ ላይ እጽፋለሁ፣ የመጀመሪያውንም ክፍያ ከዚያ በፊት እንዲለቁ እጠይቃለሁ። ይህን መስመር የረሳ ፕሮጀክት ምግቡ ወረዳ ላይ ተከምሮ ልጁ ቀበሌ ውስጥ ሲመነምን ያያል።

ለአህያ ባለቤት ደረሰኝ የለም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለጋሹ በጽሑፍ እንዲቀበለው የማደርገው አንድ ገጽ የክፍያ ቅጽ አለኝ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ ስንት ካርቶን፣ ከየት ወደ የት፣ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፤ ከሥሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስንት ካርቶን እንደተረከበች የፈረመችበት። ከኦዲት በኋላ የሚቀርብ ማብራሪያ ዋጋ የለውም።

ለጋሾች ለመቁረጥ የሚቸኩሉት ልጆቹን የሚለኩ ሰዎች የሚወስዱትን የክለሳ ሥልጠና ነው። መከራከሪያዬ የክንድ መለኪያዋ ቴፕ ናት። ልኬቱ የሚወሰደው በግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን ጫፍ መካከል እኩሌታው ላይ፣ ክንዱ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ማለት ነው፤ ቢጫው መካከለኛ ነው። ለኪዋ ቴፑን ቆዳው እስኪጨማደድ ከሳበችው 11.7 የነበረው 11.4 ሆኖ ይነበባል፤ አንድ ካርቶን ለማይገባው ልጅ ሄደ። ካላላችው ደግሞ ቀይዋ ልጅ ቢጫ ተብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በየስድስት ወሩ የግማሽ ቀን ልምምድ የምጠይቀው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ሲጻፍ ገምጋሚም ይረዳዋል።

የደመወዝ መስመር ላይ የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መዘንጋት የተለመደ ስህተት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲትና የባንክ አገልግሎት ክፍያ እዚያ ውስጥ ይቆጠራሉ። የለጋሹ አቆጣጠር ሌላ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ለተዘዋዋሪ ወጪ (ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ ለማይያያዝ ወጪ) የሚፈቅደው ጣሪያ 7 በመቶ ነው። በአንዱ ሕግ ያለፈ በጀት በሌላው ሊወድቅ ስለሚችል ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሁለት ዓምድ አኖራለሁ፣ አንዱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ አንዱ ለለጋሹ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውላቸው በዶላር የነበረ ድርጅቶች በብር የተረፈውን ገንዘብ ምን እንደሚያደርጉት የሚናገር አንቀጽ አጡ፤ ውላቸው በብር የነበረ ደግሞ በነዳጅና በመለዋወጫ ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ የተሰላበትን ምንዛሪና ቀኑን በበጀቱ ራስጌ ላይ እጽፋለሁ፣ ለውጡ 10 በመቶ ካለፈ በጀቱ እንዲከለስ የሚል አንቀጽም እጠይቃለሁ። ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ ደግሞ ሌላ አንቀጽ ጨመርሁ፦ ውሉ በለጋሹ ምክንያት ቢቋረጥ የሠራተኞች የማስጠንቀቂያ ጊዜና የስንብት ክፍያ ይሸፈን። ሁሉም አይቀበሉትም። እኔ ግን ሳልጠይቅ አልፈርምም።

የቀን አቆጣጠሩን አቅልሎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ደረሰኙ የሚቆረጠው በእኛ አቆጣጠር ነው። 3/13/2016 የሚል ደረሰኝ ለእኛ ጳጉሜን 3 ነው፤ ውጭ አገር ያለ መርማሪ ግን እንደ አሜሪካ አጻጻፍ ማርች 13 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፣ ፕሮጀክቱ ከመፈረሙ ከዓመታት በፊት የወጣ ወጪ ነው ብሎም ይጥለዋል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነው። ገንዘብ ያዢዋ ክፍያውን በፈጸመችበት ሰዓት ሁለቱንም ቀን በክፍያ ማዘዣው ላይ ትጽፋለች፣ የወሩንም ስም በፊደል፤ ኦዲተር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው 400 ደረሰኝ መገልበጥ አይቻልም።