ከሁሉም ኋላ የሚነዱት ጋሼ

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ስለ እሳቸው የሚወራው ሁሉ ስለ ዕድሜያቸው ነው። «በዚያ ዕድሜ ብስክሌት ይነዱ ነበር!» ይላል አንዱ። «ያውም ዳገት!» ብሎ ይቀበላል ሌላው። ውሸት አይደለም፤ ይነዱ ነበር። ይሁን እንጂ ሰውየውን በዕድሜያቸው ብቻ ማወደስ ለእኔ እሳቸውን አለማወቅ ነው። እኔ ክለቡን ስቀላቀል ጋሼ ገና ጉልበታቸው ያልደከመ፣ ቢፈልጉ አብዛኞቻችንን ጥለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ያኔም ቢሆን የሚነዱት ከሁሉም ኋላ ነበር።

ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ቤተሰባቸው እንዲያ ይመርጣል። በክለቡም ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ጋሼ ከተባለ እሳቸው ናቸው።

ዕድሜ ከተነሣ አንድ ነገር ልናገርና ልለፈው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ፈረንሳዊው ሮቤር ማርሻን በ105 ዓመታቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ 22.547 ኪሎ ሜትር የነዱ ጊዜ፣ የክለቡ አባላት ዜናውን ለጋሼ ሲልኩ ዋሉ። ማበረታታታቸው መሆኑ ነው። ጋሼ በቁጥሩ አልተደነቁም። ማርሻን ከሦስት ዓመት በፊት 26.927 ኪሎ ሜትር ነድተው ስለነበር «ቀንሰዋል» ብቻ አሉ። ያስደሰታቸው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው ከጨረሱ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ መቅረቱን የሚያሳየውን ምልክት እንዳላዩት፣ ቢያዩት ኖሮ ፍጥነት ይጨምሩ እንደነበር ተናግረው ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይኼ ነው ብስክሌተኛ! መቶ አምስት ዓመት ሞልቷቸውም ሰበብ አያጡም!»

አሁን ወደ ኋላው ልመለስ። በቡድን ነድቶ የማያውቅ ሰው ከኋላ መንዳት ዕረፍት ይመስለዋል። በከፊል ልክ ነው፤ ሜዳ ላይ ንፋሱን የሚሰብረው ፊተኛው በመሆኑ ከእሱ ጀርባ የተጠጋ ሰው በዚያው ፍጥነት እየሄደ ሲሶ ያህል ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። ግን መታጠፊያ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ፊተኛው ፍሬን በትንሹ ነካ ያደርጋል፣ ቀጣዩ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ሊቆም ይደርሳል። እሱ ገና ወደ መታጠፊያው ሲገባ ፊተኛው ከዚያ ወጥቶ ፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ ኋለኛው ቡድኑን ለመድረስ በየመታጠፊያው እንደ አዲስ መሮጥ አለበት። መጀመሪያ የሚደክመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ የቀረው ደካማ ሰው ነው። ጋሼ ይህን ለአዲስ አባል ሁሉ ያስረዱ ነበር፤ ለነባሮችም ሳንጠይቃቸው ይደግሙልን ነበር። «ከመታጠፊያ ስትወጣ የምትጨምረው ፍጥነት በኋላኛው ስም የምትበደረው ብድር ነው» ይሉ ነበር። ፊት የሚነዳው ሰው የመጨረሻው ከመታጠፊያው እስኪወጣ ድረስ እንዳይጨምር በክለባችን የተለመደው በእሳቸው ጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቅ ነው ያልኩት፤ በልመና የመጣ አይደለም።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልናገር። አዲስ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ረጅም ጉዞ ላይ ከግራ በኩል ኃይለኛ ንፋስ ያዘን። ቡድኑ ተበጣጠሰ፣ እኔ ከቡድኑ ተቆርጬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከፊቴ ባለው ሰው ጎማ ላይ በቀጥታ ተጣብቄ ለመከለል ብሞክርም ምንም አልረዳኝም፤ ጎን ንፋስ ሲሆን ከለላው ያለው ከሰውየው በስተኋላ በሰያፍ እንጂ በቀጥታ ጀርባው ላይ አይደለም። ይህን ያኔ አላውቅም። ጋሼ መጥተው በግራዬ ከፊቴ ትንሽ ቀደም ብለው መንዳት ጀመሩ። ስለ ንፋስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ስለ ኮርቻዬ ከፍታ ነበር የሚያወሩኝ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል አሉ። እኔም ወሬው አበርትቶኝ መስሎኝ ነበር። የሆነው የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ራሴ ለሌላ ሰው በግራ በኩል ስቆም ነው።

በእጃቸውም እንዲሁ ነበሩ። ጎማ ሲፈነዳ አብዛኞቻችን ከመነዳሪውን ነፍተን በጆሯችን እናዳምጣለን። ጋሼ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው በዝግታ ያዞሩታል፤ ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ንፋስ እርጥብ ከንፈር ያውቀዋል። ቀዳዳውን ሲያገኙ ወዲያው አይለጥፉም። ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጎን አስቀምጠው ቀዳዳው ጎማው ላይ የት እንደሚውል ይለካሉ፤ ከዚያ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ያዞራሉ። እሾሁ ወይም ብረቱ ጨርቁን ይይዘዋል። ያን ሳያወጡ የለጠፉት ከመነዳሪ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይተነፍሳል። ማስቲሹን ከቀቡ በኋላ ደግሞ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ነበር ሁላችንም የምንቃጠለው። ማስቲሹ ደርቆ በጣት ሲነካ የማይለጥፍ እስኪሆን ድረስ ልጣፉን አያስቀምጡም። ብርድ ይሁን፣ ዝናብ ይሁን፣ ሰው ይቆጣ፣ ግድ የላቸውም። እሳቸው የለጠፉት ሲለቅ ግን አላየሁም።

ከመሣሪያ ቦርሳቸው የማይለይ የብረት ማስመሪያ ነበራቸው። በእሱ የሰዎችን ሰንሰለት ይለካሉ፤ የማያውቁትን ሰው ሳይቀር አስቁመው። አዲስ ሰንሰለት ላይ 24 ማያያዣ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከጨመረ ይለወጥ ይላሉ። ሰንሰለቱ «ተለጠጠ» ስንል ይቆጡ ነበር፤ ብረቱ አልተለጠጠም፣ የተበላው ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቦታ ነው። የተበላ ሰንሰለት ካልተለወጠ የማርሹን ጥርስ ይበላና አንዱን ርካሽ ዕቃ ለማዳን ሁለት ውድ ዕቃ ይሄዳል። ይህን ትምህርት በመንገድ ዳር የተሰጠው እንግዳ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሄደ ማለት ግን አልችልም።

ጻድቅ አላደርጋቸውም። ግትር ነበሩ። ሰፊ ጎማ የመጣ ጊዜ «የሰነፍ ጎማ» ብለው ወራት ሙሉ አንጓጠጡ፤ ለእሳቸው ጎማ ማለት 23 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንደ ድንጋይ የተነፋ ነው። አንድ እሁድ ማለዳ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ተውሰው፣ ንፋስ ቀንሰው፣ አስፋልቱ የተቦረቦረ ቁልቁለት ላይ ይዘውን ሄዱ። ከአንድ ቦታ ፔዳል ሳይመቱ ይለቁታል፤ ብስክሌቱ የሚቆምበት ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ከዚያ ጎማ ይቀይሩና እንደገና። ሰፊው ጎማ በየሙከራው አለፈ። በተቦረቦረ መንገድ ላይ በጣም የተነፋ ጎማ እየነጠረ ነጂውን ያንቀጠቅጣል፤ በዚያ መንቀጥቀጥ የሚባክነው ጉልበት ወደ ፊት መሄጃው ነበር። ጋሼ መስመሮቹን ቆመው ተመለከቱና «ስንት ዓመት ተንቀጥቅጫለሁ በከንቱ» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የራሳቸውን ሰፊ ጎማ ገጥመው መጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጠባብ ጎማ ክፉ የሚናገር እንደ እሳቸው አልነበረም፤ ይኼም ያበሳጨን ነበር።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት አጠር አድርጌ ልለፋቸው። ዳሌያቸው አመማቸው፣ ጉዞው አጠረ፣ ከዚያ ቀረ። ከኋላ የነበረው ቦታ ባዶ የቀረው እሳቸው ሳይሞቱ በፊት ነው ማለት ነው፤ እኛ ግን ያኔ አላስተዋልነውም። አዳዲስ አባላት አንድ ሁለት ጊዜ መጥተው መቅረት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ መሆኑን ያየሁት አሁን ወደ ኋላ ሳስብ ነው።

በቅርቡ ስብሰባ ላይ በስማቸው ዓመታዊ ውድድር ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጭብጨባም ነበረ። እኔ ተቃወምኩ። ጋሼ ውድድር ይጠላሉ ብዬ አይደለም፤ በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል፣ ስለ ውድድር ማውራትም ይወዱ ነበር። ግን ዋንጫው ቀድሞ ለገባው የሚሰጥ ነገር ከእሳቸው ስም ጋር አይሄድልኝም። ያቀረብኩት ሐሳብ ሌላ ነው፦ ከኋላ የመንዳቱ ኃላፊነት በየወሩ በተራ ይሁን፣ ተራውም ከጠንካሮቹ ይጀምር። ደካማ ሰው ከኋላ ቢቀመጥ እሱም የተቆረጠውም አብረው ይቀራሉ፤ የተቆረጠን ሰው ንፋስ ከልሎ ወደ ቡድኑ መመለስ አቅም ይጠይቃል።

ከሁሉም ፈጣኑ ልጃችን አጥብቆ ተቃወመ፤ ልምምዴ ይበላሽብኛል አለ። ክርክሩ ረዘመ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ሐሳቡ አለፈ። የመጀመሪያው ወር የእሱ ሆነ። ባለፈው እሁድ ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሳለን ከኋላ ጩኸቱን ሰማሁት፦ «ኧረ ፊት ያላችሁ፣ እስክንወጣ ጠብቁ እንጂ!»