ጨሞጋ ከጫማዬ ሥር

ጥር 14 ቀን 2015፣ ደብረ ማርቆስ

አፍንጫዬ ተልጧል። ጫማዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ እስካሁን አልደረቀም። ጉልበቴን የሚያመኝ ቁጭ ብድግ ስል ብቻ ነው። እናቴ ቤት ደግሞ ቁጭ ብድግ ይበዛል።

ትናንት ጮቄ ተራራ ሄጄ ዋልኩ። ሲናገሩት ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ማርቆስ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ 43 ዓመቴ ድረስ ጮቄን የማውቀው ከሩቅ ነው። ላሊበላን አይቻለሁ። የሰሜን ተራሮችን አይቻለሁ። ዱባይ እንኳ ሁለቴ ሄጃለሁ። ጮቄ ግን የትም ስለማይሄድ፣ እንደ ጎረቤት ቤት «አንድ ቀን ጎራ እላለሁ» እያልኩ ቀረሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው ተባለ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ማድሪድ ተቀምጦ የሚሠራ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን መንደር እኔ አላውቀውም። ለጥምቀት ቤተሰብ ጋ ስመጣ የቀን ጉዞ የሚያዘጋጁ ሰዎች አገኘሁና ተመዘገብኩ።

እናቴ ቡና እየቆላች ነበር።

«ስንት ከፈልህ?»

«900 ብር።»

«ለምኑ?»

«ጮቄን ሊያሳዩን።»

ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረደች። «እኔ በእግሬ የሸሸሁትን አገር አንተ ብር ከፍለህ ትሄድበታለህ?»

እናቴ የስናን ልጅ ናት። በልጅነቷ ተድራ ማርቆስ ወረደች፣ ዳግም አልወጣችም። ስለ አገሯ ስትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «ብርድ።» እኛም ከዚያ በላይ ጠይቀናት አናውቅም።

ቀጠሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። የተነሣነው ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። አዘጋጆቹ (ስማቸውን ልተወው) ማስታወቂያቸው ላይ «ባለሙያ ፎቶ አንሺ» ብለው ነበር። ባለሙያው የሚኒባሱ ረዳት ሆኖ ተገኘ። የስልኩ መስታወት የተሰነጠቀ ነው። ግን ልጁ ሳቂታ ስለሆነ ማንም አልተጣላውም። ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ሌሎችም ነበሩ። ሙዚቃው እስከ ሮብ ገበያ ድረስ ጆሮ ይበጥስ ነበር።

ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ሮብ ገበያ ይሁን እንጂ እኛ የደረስነው ቅዳሜ ነው። አስጎብኚያችን እዚያ ተሳፈረ። 22 ወይ 23 ዓመት ቢሆነው ነው። ባና ደርቧል፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ጫማውን አይቼ በልቤ አዘንኩለት። የኔው ስኒከር አዲስ ነበር። (ይህን የምጽፈው ለቅጣት ነው።)

የመጀመሪያ ንግግሩ «ሙዚቃውን ቀነስ አርጉልኝ፣ ድምፄ ቀጭን ነው» የሚል ነበር። ሹፌሩ ጭራሹኑ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ጉዞው ጉዞ ሆነ።

ልጁ እንደ ሌሎቹ አስጎብኚዎች ያጠናውን አያነበንብም። በመስኮት እያየ የሚያየውን ነው የሚናገር። ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በግማሽ ቀን ውስጥ ያን ሁሉ ስትወጣ አገሩ እንደ ደረጃ ይቀያየራል። ታች የጤፍ ቃርሚያ ነበር። ከፍ ስንል ስንዴ፣ ከዚያ ገብስና ድንች። «ጤፍ እዚህ ቢዘሩት ብርድ ይመታዋል» አለ። ከገብሱ በላይ ደግሞ እንግዶ አለ። እንግዶ የአጃ ዘመድ ነው፣ ሌላው እህል እምቢ ያለውን መሬት እሺ ይላል። ቃሉን ከእናቴ አፍ እሰማ ነበር። ለካስ እህል ኖሯል! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስድብ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ መታጠፊያ ላይ ቆምን። ከፊታችን ያለው ዳገት ራቁቱን ነው። አልፎ አልፎ የቁጥቋጦ ጉቶ ይታያል።

«ይህ ሁሉ አስታ ነበር ይላሉ አባቴ» አለ።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ሴትዮ «የት ሄደ?» አለችው።

«ማርቆስ።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጅ እያለሁ ገና ጎህ ሲቀድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በራችን ድረስ ይመጡ ነበር። ጎንበስ ከማለታቸው የተነሣ ፊታቸው አይታይም። እናቴ እንጨቱን በጥፍሯ ጫር አድርጋ «አስታ ነው?» ትላለች። አስታ ከሆነ ትከራከርና ትገዛለች። ባህር ዛፍ ከሆነ ትመልሳለች፤ ይጨሳል። ያኔ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። እናቴ ግን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከአገሯ ሰዎች ጋር ነበር ዋጋ የምትከራከረው።

ከዳገቱ ግርጌ መሬቱን ውኃ ሸርሽሮት ቦረቦር ሆኗል። ሰው ቢገባበት አይታይም። ከጎኑ አዲስ እርከን ተሠርቷል፣ ድንጋዩ ገና ሣር አልለበሰም። «አፈራችን ቀድሞን አባይ ወርዷል» አለ ልጁ። ጡረተኛው መምህር ቀበል አድርገው «ግድቡ ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል» አሉ። የህዳሴው ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 2014 ነው፤ ያኔ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ሳስበው፣ ስለ ግድቡ ባወራን ቁጥር የምናወራው ስለ ታችኛው ጫፍ ብቻ ነው። ስለ ላይኛው የሚያወራ ያጋጠመኝ ይህ ባለ ኮንጎ ጫማ ልጅ ነው።

ላይ ስንደርስ ከመኪና ወርደን በእግር ሄድን። ራሴን ወጋኝ፣ ትንፋሼ አጠረ። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ አንዱን ጉንጭህን እሳት፣ ሌላውን በረዶ የያዘብህ ይመስላል። የጅባራው ነገር የሚገርም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ተሰልፎ የቆመ ይመስላል። ጅባራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ቀን ከመሐሉ ረጅም ግንድ ያወጣል። ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው። ተማሪዎቹ ያልተነሡት ፎቶ የለም። አንዷ ቅጠሉን ልትቀነጥስ ስትል ልጁ «ተይው እቴ፣ ወተቱ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል» አላት።

ስለ እይታው ብዙ አልጽፍም። ፎቶው አለ፣ ፎቶውም አያሳየውም።

ልጁ ከየት እንደመጣን እየዞረ ጠየቀን። እኔ ጋ ሲደርስ «ማርቆስ» አልኩ።

«እንግዲያ ለጋሼ ጨሞጋን ላሳያቸው።»

«ጋሼ» የምትለዋ ትንሽ ቆነጠጠችኝ። ደግሞስ ጨሞጋን ለኔ? ከትምህርት ቤት እየጠፋን ከባሕር ዳር መንገድ ድልድይ በታች ስንዋኝ ያደግንበት ወንዝ ነው። ዋና ተምሬበታለሁ፣ ተገርፌበታለሁም። መነሻውን ግን አላውቅም ነበርና ተከተልኩት።

20 ደቂቃ ያህል ቁልቁል ሄድን። በልቤ የሳልኩት አለት ነበር። ከአለት ሥር ፏ ብሎ የሚወጣ ውኃ። ምናልባት እንደ ግሽ አባይ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ ጠበል የሚጠመቁበት ቦታ። ልጁ አንድ ሜዳ መሐል ቆመ።

«ይኸው።»

ዙሪያዬን አየሁ። ጓሳ፣ ሣር፣ ሁለት ፈረሶች። «የት?»

«ቆመውበታል፣ ጋሼ።»

ወደ እግሬ ሳይ አዲሱ ስኒከሬ እስከ ክሩ ሰምጧል። ጨፌ ነው። አፈሩ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነው፣ ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። እግሬን ስነቅል ዱካዬ ውስጥ ውኃ አቀረረ። ልጁ ተንበርክኮ አንድ የጓሳ ቅጠል ቀጠፈና ለሁለት አጥፎ የጭቃው ጠርዝ ላይ ሰካው። ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ በቅጠሉ እጥፋት ላይ ውኃ መውረድ ጀመረ። ከጫማ ክር የቀጠነች። ከብት ሲጠብቁ እንዲህ አድርገው ነበር የሚጠጡት። እጄን ዘርግቼ ጠጣሁ። ጥርሴን ነዘረኝ።

«እና ጨሞጋ ከዚህ ነው የሚነሣው?»

«ከዚህ ብቻ አይደለም። ከዚያም ይመጣል፣ ከዚያ ከጓሳው ሥርም። ታች ሲደርስ ነው ስም የሚያገኝ።»

ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን በጋ በጋ ቀስ እያለ የሚያንጠባጥበው ይህ ጨፌ ነው። ሣሩ ተግጦ፣ ጓሳው ታጭዶ ካለቀ ዝናቡ ባንዴ ጠራርጎ ይወርዳል፣ ወንዙም ሚያዝያ ላይ ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ጨሞጋ በኔ ዕድሜ እየቀጠነ መምጣቱን አይቻለሁ። ሁልጊዜ የማሳብበው በዝናብ ነበር።

ከጨሞጋ ሌላ ጀደብ፣ ተምጫ፣ ብር፣ ሙጋ፣ ሱሃም ከዚሁ ተራራ ነው የሚነሡ። አንዱ ተማሪ «ሁሉም አባይ ነው የሚገቡት?» አለ።

«ጎጃምን አባይ ዙሪያውን ታጥቆታል፤ ወዴት ያመልጣሉ?»

ከሜዳው ስንወጣ የልጁን እግር አየሁት። ኮንጎ ጫማውን አንዴ አራገፈው፣ አለቀ። የኔው እስከ ማርቆስ ጭርቅ ጭርቅ ሲል መጣ።

ምሳ አንዲት እናት ቤት ነበር። ማስታወቂያው ላይ «ባህላዊ ምሳ» የተባለው ይህ ነው፣ በዚህ ግን አልዋሹም። እንግዶና ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ የድንች ወጥ፣ ጠላ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ ግድግዳው ላይ ገሳ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ እያንዳንዳችንን «ብሉ፣ በሞቴ» እያሉ ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተ የማን ነህ?»

«እናቴ የስናን ናት።»

ፊታቸው በራ። «ደብሯ ማን ነው?»

ዝም አልኩ። ስናን ሰፊ ነው። በዚያ አገር ሰው ከየት ነህ ሲባል የሚጠራው ደብሩን ነው። እኔ የእናቴን ደብር አላውቅም። የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ በሮችን በቁጥር አውቃለሁ። አስጎብኚው ልጅ አይቶኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ወዲያው ተማሪዎቹን ስለ ገሳው ያስረዳ ጀመር። ውለታው አለብኝ።

«አታውቀው ይሆናል፣ የከተማ ልጅ ነህ» አሉኝ ሴትዮዋ፣ ሳይቀየሙ። ስንወጣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ እጄ ላይ አኖሩ። «ለእናትህ ስጥልኝ።»

ማርቆስ የገባነው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ከበሩ ላይ አየችኝና መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነው። ምንም ሳትል አስወልቃ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው። ጭቃውን በጣቷ ፈቀፈቀችና አሸተተችው። ቂጣውን ሰጠኋት።

«የማን ነው?»

«አንዲት ሴትዮ ላኩልሽ። እማዬ፣ ደብርሽ ማን ነው?»

መልስ አልሰጠችኝም። ቂጣውን ቆረሰች። ቀስ ብላ አላመጠችው።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ሌላ ቆረሰች። ከዚያ ሌላ። ለኔ አላቀረበችልኝም፣ ይህ ደግሞ ከእናቴ የማይጠበቅ ነው። ቂጣው ካለቀ በኋላ ጨርቁን አራግፋ አጣጠፈችው።

«ሚካኤል ነው» አለችኝ። «ከታችኛው ሚካኤል ጋር እንዳታምታታው። የኛው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው።»

«የትኛው ወንዝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚያ እያለን ወንዝ ነበር የምንለው።»