ለግሸን ማርያም ስለቴን ያስገባሁበት ምክንያት

ይህን ምስክርነት የምጽፈው የስለቴን ግማሽ ለመፈጸም ነው፤ ለእመቤታችን ቃል የገባሁት ጃንጥላ ላስገባ ብቻ ሳይሆን የተደረገልኝንም ልናገር ነበርና።

የደሴ ልጅ ነኝ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ከግራ ጆሮዬ ፊት ለፊት ቋ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሕመሙ ቀላል በመሆኑ ችላ አልሁት። እየዋለ እያደረ ግን አገጬ ወደ ቀኝ ሸሸ፤ አፌን ስገጥም የግራ መንጋጋ ጥርሶቼ ሳይነካኩ ይቀሩና በመካከላቸው ትንሿ ጣቴ ትገባ ነበር። አንዱ ጆሮ ደግፍ ነው፣ ሌላው ምች ነው አለኝ፤ አንድ የጥርስ ሕክምና ቤትማ ጤነኛ ጥርሴን ነቅሎ ሸኘኝ፤ ዛሬም ክፍተቱን ምላሴ ሲነካው እናደዳለሁ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስለምከናነብ የሚያዩኝ ሁሉ ጨዋነት ይመስላቸው ነበር።

ስጠመቅም ሆነ ስሰግድ ልመናዬ አንድ ነበር፦ «ያለ ቢላ አጥፊልኝ።» በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያየኝ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሲቲ ስካኑን ምስል እያሳየ፣ በመንጋጋዬ አጥንት ራስ ላይ የበቀለው ኦስቲዮኮንድሮማ የሚባል እብጠት እንደሚመስል፣ ካንሰር ባይሆንም በኪኒን እንደማይጠፋ፣ ሲያድግም መንጋጋዬን እየገፋ ፊቴን እንዳጣመመው አስረዳኝ። ከጆሮ ፊት ተቀድዶ ሲወጣ ግን ዓይንን የሚያስከድነው ነርቭ በዚያው ስለሚያልፍ ሊጎዳ እንደሚችል አልደበቀኝም። ያን ሌሊት ልመናዬ ተለወጠ፦ «እመቤቴ፣ ቢላውን አንቺ ምሪው፤ ዓይኔን ጠብቂልኝ።»

ከሰመመን ስነቃ ሐኪሙ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንሁ። «ጠበቅ አድርጊው» አለኝና የግራ ሽፋሽፍቴን በጣቱ ሊከፍት ሞከረ፤ አልተከፈተለትም። የግራ ቅንድቤ ብቻ ለሁለት ወር ያህል አልነሣ ብሎ ነበር፤ እርሱም ተመለሰ። የተወሰደው ናሙና ምርመራም ካንሰር አለመሆኑን አረጋገጠ።

ጥርሶቼ በሽቦና በላስቲክ ታስረው በሰነበቱበት ጊዜ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዱዓዋን ሳታቋርጥ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ታመላልስልኝ ነበር፤ ወሎ ነውና ማንም አልገረመውም። ከተፈታሁ በኋላ ቀጫጭን እንጨቶችን እየደራረብሁ በጥርሶቼ መካከል በማስገባት አፌን መክፈት ተለማመድሁ፤ በአንዲት እንጨት ጭማሪ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያማረረኝ ይህ ነው።

መስከረም 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ጃንጥላውን ይዤ ከእናቴ ጋር ግሸን ወጣሁ። ቅዳሴው አልቆ ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ ዘገነችልኝ። በግራ በኩል ቆረጠምሁት፤ እርሷም ድምፁን ሰምታ ቆመች፤ «እስቲ ድገሚው» አለችኝ።