ቶርኖውን የመረጥኩት ነጥብ አጥቼ አይደለም

መስከረም 2018

ቶርኖ ቤት፣ ብረት በማሽን እያሽከረከርን በምንልጥበት፣ እንደምሠራ የሰማ ሰው፣ ትንሽ ቆይቶም ቢሆን፣ መጠየቁ አይቀርም፦ «አሥረኛ ክፍል ስንት መጣልህ?» ክፋት የለውም። በእኛ ጊዜ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ እጁ ግራሶ የነካ ሁሉ ነጥብ የጎደለው ተደርጎ ይቆጠራል። ለመሰናዶ የሚበቃ ነበረኝ ስላቸው «አይ እንግዲህ!» ብለው ይስቃሉ። አባቴ እንኳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ውጤቴን በዓይኑ አይቶ ሲያበቃ ለጎረቤት «ትንሽ ጎደለው» እያለ ነበር የሚያስረዳው። ልጄ ፈልጎ ነው ከማለት ይህኛው ይቀለው ነበር።

ትናንት ማታ እትዬ ደወለች። ልጇ የ2017ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፉት ናት፤ ከተፈታኞቹ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 8.4 በመቶ ብቻ በሆነበት ዓመት። ቤቱ እልልታ በእልልታ ነበር። ልጅቷ ግን ዩኒቨርሲቲው ይቅርብኝ፣ የማሽን ሥራ እማራለሁ ብላ ድርቅ ብላለች። «አንተን ትሰማሃለች፣ እባክህ ምከርልኝ» አለችኝ እትዬ። ምከርልኝ ማለቷ ተይ በልልኝ ነው። አክላም «ደመወዝ እኮ ጨምረዋል፣ የዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ገብቷል» አለችኝ፣ እኔ ዜና የማልሰማ ይመስል።

እትዬን የሚያስፈራት የገንዘቡ ነገር አይመስለኝም። ስሙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን ጠይብ፣ ሸማኔ እያሉ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። 118 ዓመት ሆነው፤ እኛ ቤት ገና አልደረሰም።

ዛሬ ታዲያ እጄ ሲሠራ ልቤ እዚያው ነበር። ጠዋት አንድ የአይሱዙ ባለቤት ኩሽኔታው (ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት) የዞረበትን ኤክስል፣ የጎማውን ዘንግ፣ ይዞ መጣ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራ ዞሮ የአዲሱን ዋጋ ሰምቶ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ኩሽኔታ ቦታውን ለቆ ሲዞር የተቀመጠበትን ብረት ይበላዋል። የተበላው በብየዳ ይሞላና በቶርኖ ይላጣል። እስከ መጨረሻው ጥቂት ድረስ ማንም ይልጠዋል፤ ሥራው ያለው እዚያች መጨረሻ ላይ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚያብጥ በሙቀቱ ከለካህ ተሸወድክ፣ እስኪበርድ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። መለኪያችን ማይክሮሜትሩ የሚያነበው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት እዚህ ትልቅ ስህተት ነው። ከላላ ሰውዬው ወር ሳይሞላው ተሳድቦ ይመለሳል። ከጠበቀ ደግሞ በመዶሻ ካላስገባሁት ይልና ኩሽኔታውን ይሰብረዋል። ኩሽኔታውን ዘይት ውስጥ አሙቀን ስናስገባው ሳይታገለን ሄዶ ተቀመጠ፤ ሲበርድ ነከሰ። «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ይሻሻል» የሚል አለቃ የለም። ገባ፣ አለቀ። አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ የወደድኩት ይህንን ነው፤ ያኔ በዚህ መልክ ልናገረው ባልችልም።

ግን ለልጅቷ ይህን ብቻ ብነግራት ማታለል ይሆናል። ሙያ ይዘህ ማሽን ከሌለህ ያው ቅጥረኛ ነህ። ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ድካሙ የእኔ፣ ገንዘቡ የባለ ማሽኑ ነበር፤ ሰውየው ጎበዝ ሠራተኛ ነህ ሲለኝ ብቻ አይቆጥብም ነበር። ከባልደረባዬ ጋር ሆነን፣ እቁብ ጥለን፣ ያገለገለ ቶርኖ እስክንገዛ ድረስ እጄ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ሙያ አስተማሪዎቻችን ስለ ብረት ዓይነት ብዙ አስተምረውናል። ቶርኖ ስንት ብር እንደሆነና ያን ብር ከየት እንደምናመጣው ግን አንድ ቀን አንስተውልን አያውቁም። ልጅቷን የምጠይቃት መጀመሪያ ይህንን ነው።

መሰናዶ ገብቶ ኢኮኖሚክስ የተማረ የክፍል ጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል። ሲታመምም ደመወዙ ይገባል፣ ጡረታም ይቆረጥለታል። እኔ በታይፎይድ ስተኛ ማሽኑም አብሮኝ ተኛ፣ አከራዩ ግን አልተኛም። በደህና ወር ከእሱ የተሻለ አገኛለሁ። መብራት ሲጠፋፋ በከረመበት ወር ደግሞ ከእሱ ነው የምበደረው። ቆሜ ስለምውልበት ወገቤ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ሴት መሆኗም ሌላ ጣጣ ነው። ማሽኑ ፊት ቆማ እያያት «ሠራተኛው የለም እንዴ?» የሚላት ደንበኛ አይጠፋም። እጇን ካየ በኋላ ዝም ይላል፤ እስከዚያው ግን ያናድዳል።

እትዬ «መካኒካል ኢንጂነሪንግ ትማርና ያንተን ሥራ ከላይ ሆና ትምራው» ብላኛለች። ከላይ ሆነው የሚመሩ ልጆች ለልምምድ እኛ ጋ ይመጣሉ። ሥዕሉን ከእኔ በተሻለ ያነባሉ፣ ሒሳቡም አያቅታቸውም። ግማሾቹ ግን ማሽኑን የሚነኩት አለቃቸው እያያቸው ከሆነ ብቻ ነው። የቀሩት እጃቸውን አጥቁረው፣ ጠይቀው ጠይቀው ነው የሚሄዱት። እንግዲህ ከየትኞቹ እንደምትሆን እትዬም እኔም አናውቅም።

«ተይ አልላትም እትዬ» አልኳት ዛሬ ማታ። ዝም አለች። ቀጥላ «የሚያገባትስ?» አለች፤ ይህኛው መምጣቱ እንደማይቀር አውቄ ነበር። መልስ አልሰጠሁም። ቅዳሜ ጠዋት ላኪያት፣ ሙሉ ቀን እኔ ጋ ትዋል አልኳት። ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላ፣ ቀለበትና ሐብሏን ቤት ትታ፣ እጅጌው ሰፊ ያልሆነ ነገር ለብሳ። ጓንትም አታምጣ፤ የሚሽከረከር ቶርኖ ጓንቱን ከያዘው እጇን ጨምሮ ነው የሚወስደው።