«4 ደቂቃ ቀድመሃል»

ለንደን የሌሊት ባስ መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ከተማዋን ጨርሶ አልወደድኳትም ነበር። ተሳፋሪው ካርዱን ያስነካል፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ሰውየው ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ባስ ላይ ጥሬ ገንዘብ ስለማንቀበል መልስ እንኳ አንሰጣጥም። ቀና ብሎ የሚያየኝ አልነበረም።

መስመሬ ኤን 38 ነው። ከዋልታምስቶው ተነስቶ በሀክኒና በኤንጅል አድርጎ ቪክቶሪያ ይገባል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ባሱን የሚሞሉት የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። በሥራ ቀን የምድር ውስጥ ባቡሩ እስከ 11 ሰዓት ገደማ አይነሳም፤ ቢነሳም ባስ ይረክሳል።

አንድ ማክሰኞ መንገዱ ጭር ብሎልኝ 4 ደቂቃ ቀደምኩ። ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ከኋላ «እባክህ ሾፌር፣ ሥራ ይረፍድብናል» አሉኝ። አሳዘኑኝና ነዳሁ። የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

በሳምንቱ ያው ነገር ሆነ። አሁን ግን የባሶቹን ሰዓት ከቢሮ ሆኖ የሚከታተለው ኮንትሮለር በሬዲዮ ያዘኝ። «4 ደቂቃ ቀድመሃል፤ እዚያው ጠብቅ።» ሞተሩን ሳጠፋ ጉርምርምታው ተነሳ። አንድ ወጣት መጥቶ መስታወቴን ደበደበ። ይሄኔ ሁሉም «አንቲ» የሚሏቸው ጋናዊት እናት ከፊት ወንበር ተነሱ።

«ልጄ፣ ያለፈው ማክሰኞ አንተ ነበርክ?»

«አዎ፣ አንቲ።»

«ሮጬ ነበር። እጄንም አንስቼ ነበር። አላየኸኝም?»

«አላየሁዎትም።»

«እኔ በሰዓቴ ነው የወጣሁት። አንተ ነህ ቀድመህ ያለፍከው። የአንድ ሰዓት ደሞዝ ተቆረጠብኝ።»

ምን ልበል? «ተሳፋሪዎቹ ይረፍድብናል ብለውኝ ነው» አልኳቸው።

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ባስህ ውስጥ ገና አልገባሁም ነበር እንጂ።»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ። «ዝም በሉ! ወደፊት ፌርማታ ላይ ሰዓቱን አምኖ የቆመ ሰው አለ» አሉ። ባሱ ጸጥ አለ። ወጣቱም ሄዶ ተቀመጠ።

ይህን በሥልጠና ተምሬዋለሁ። ቀን ላይ ባሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ የሚጠበቀው በአንዱ ባስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሌሊት ግን የሚያዘው ሰዓቱ ነው። ቀድሞ ማለፍ ጥፋት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ጥፋቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን የነገረኝ አልነበረም። የ4 ደቂቃዬን ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ለጥቂት ደቂቃ መዘግየት የአንድ እናት የሙሉ ሰዓት ደሞዝ የቆረጠው አለቃቸው ግን ዛሬም ያናድደኛል። ስለ ባሱ ቢጠይቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

4 ደቂቃው ሲሞላ ተነሳሁ። ሁለት ፌርማታ አልፈን አንድ ሰውዬ ጃኬቱን እየለበሰ፣ ሳይሮጥ፣ እጁን አነሳ። ሲገባ «እንደምን አደሩ» አልኩት። ደንገጥ አለና ፈገግ ብሎ መለሰልኝ። ለንደን መውደድ የጀመርኩት እዚያ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ማን የት እንደሚሳፈር አውቃለሁ። ሀክኒ ላይ ሁለት ኮሎምቢያዊ እህትማማቾች አሉ፤ አንዷ ከቀረች ሌላዋን «ደህና ናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንቲ ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ነግረውኝ አያውቁም። ያልመጡ ሌሊት ፌርማታቸው ላይ ማንም ባይኖርም ዝግ እላለሁ፤ በመስታወቴም ወደ ኋላ አያለሁ።