ዓይኔን በመስታወት

ዛሬ ከነጋ ደብሮኛል፣ ዝናብ የለ ፀሐይ የለ፣ ሰማዩ እንዲሁ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ጀበናውን ጥጄ ዞር ስል ልጄ መጋረጃውን ዘግቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፣ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ኳስ ለመግጨት ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተላተሙ፣ እኔ ደሞ መኪና ውስጥ ስልኬ ላይ ነበርኩ (አዎ አውቃለሁ፣ አትሳደቡ)።

ሲቲ ስካን ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ዶክተሯ ሲቲ ደም መፍሰስና ስብራት እንጂ ኮንከሽንን (በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥን) አያሳይም ብላኝ እስክሪብቶ አወጣች። በዓይንህ ተከተለኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች። ከዛ ወደ አፍንጫው ቀስ እያለች አስጠጋችና ሁለት ሲሆንብህ ንገረኝ አለችው። ገና አንድ ስንዝር ሲቀረው "ሁለት ሆነ" አለ። ሆዴ ቡጭ አለ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ይዤ ማንበብ ነው እንግዲህ። ኮንከሽንን ለመለየት የሚያግዝ አይቦክስ የሚባል ማሽን አለ፣ የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በፈረንጅ 2018 የፈቀደው፣ ከ5 እስከ 67 ዓመት ላለ ሰው። አገጭህን ታስደግፋለህ፣ ቪዲዮ በስክሪኑ ጠርዝ ጠርዝ እየዞረ አራት ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ታያለህ፣ ካሜራው ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሄዱ ወይስ አንዱ ዘገየ የሚለውን ይመዘግባል። ደህና እያለህ የተለካ ነገር አምጣ አይልም፣ ይሄ ነው ደስ ያለኝ። ለካ አንድን ዓይን ለማዞር ስድስት ጡንቻና ሦስት ነርቭ ነው የሚለፋው!

እኛ ስንወድቅ እኮ እማዬ እብጠቱን ቅቤ ቀብታ፣ እንዳታስተኟት ብላ አስጠንቅቃ፣ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ ታዞረኝና "እስቲ ዓይንሽን ልየው" ትለኝ ነበር። ትክ ብላ አይታኝ "ደህና ናት" ካለች አለቀ። ምን እያየች እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም፣ አሁን ደሞ የምትመልስልኝ የለችም።

እንግዲህ እኔም ልሞክር ብዬ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆምኩ። ከግራ ዓይኔ ወደ ቀኝ ዓይኔ አየሁ፣ ምንም አይንቀሳቀስም! ተመለስኩ፣ ድርቅ! እኔም ተመትቼ ይሆን እንዴ ብዬ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። በኋላ ሳነብ ለካ ዓይን ከቦታ ቦታ ሲዘል አንጎል እይታውን ለቅጽበት ስለሚያፍነው ማንም ሰው የራሱ ዓይን ሲዞር በመስታወት አያይም።

ልጁ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። "ማሚ ምን ሆነሻል?"

"ና እስቲ፣ ዓይኔ ይንቀሳቀሳል?"

ቀረብ ብሎ አየኝ። "የትኛዋ ማሚ?" አለና ሳቀ።

አብሬው ሳቅሁ፣ ከዛ ሳቄ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ሲቀልድ ነው አይደል? ቡናው ደሞ ገንፍሏል።